ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት

ከወረኢሉ ቁልቁል፣ መኪናው ከቆመበት
ሁለት ሰዓት በእግር፣
ጠርሙስ ተሸክሜ ጉርጉሪት ወረድሁ።
ውሃዋ ቀጭን ናት፤ ክረምት ካልሆነ ቁርጭምጭሚት አትሸፍን፤
ግን ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር
ያለ እሳት ትፈላለች፤
አረፋ ይወጣል፤ አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ምንም፣
ሊናገር ጀምሮ ነገሩ እንደ ጠፋበት ሰው።

መንገዱን ያሳየችኝ ጦይባ ሙሄ ናት፤
የማሽላ ማሳዋ እዚያው ዳር ነው።
ክብሪት ጫረች፤ ሰማያዊ ነበልባል ውሃው ላይ ቆመ።
«ይኸው፤ አባቴ ልጅ ሳለም እንዲሁ ነበር አሉ።
በል አንተ የተማርኸው፣
ከየት ነው የመጣ?»

ባሕር ነበር እዚህ ሳይነሣ ተራራው፤
ደቂቅ ሕይወት ሁሉ ሲሞት ጭቃ በላው።
ጭቃው ድንጋይ ሆነ፣ ድንጋይ ተጫነበት፣
ባዛልት ነድዶ ቀልጦ ከላይ ፈሰሰበት።
ሙቀት ሲያንገላታው ሥጋው ጋዝ ሆነና
ሽቅብ መጓዝ ያዘ በስንጥቅ ጎዳና።
አይሮጥም፣ ይሰርጋል፣ እንደ ቆየ ዕዳ፣
በአሸዋ ድንጋይ ሆድ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ።

እንዲህ ብዬ ልነግራት ነበር፤
ግን ገና አላወቅሁም፣ ዝም አልሁ፤
ጠርሙሱን ውሃ ሞልቼ አረፋው ላይ ደፋሁት።

ከዚያ ትንፋሽ ውስጥ ሁለት ወንድማማች አሉ፤
መልካቸው አንድ፣ ስማቸውም ካርቦን፤
አንዱ አሥራ ሁለት፣ አንዱ አሥራ ሦስት።
የሚለያቸው አንዲት ኒውትሮን ናት፣
ከከረጢት ሥር እንደ ቀረች ጥሬ።
መንገድ ሲረዝም ጥሬም ትከብዳለች።

ቀላሉ በጠባቡ ሹልክ ይላል፣
ከባዱ በየግድግዳው ይያዛል።
ደግሞ ከላይ፣ አየር በሚደርስበት፣
ለዓይን የማይሞሉ በላተኞች አድፍጠዋል፤
እነሱም የሚቀናቸው ቀላሉ ነው
(በሬስ ከድርቆሹ ለስላሳውን አይደል የሚያስቀድም?)፤
ቀላሉ ሲበላ የቀረው ይከብዳል።
ስለዚህ ጉርጉሪት የሚደርሰው
የተነሣው አይደለም፤
የተረፈው ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ከላቦራቶሪ ወረቀት መጣ፦
ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፣ በሺህ።
ቁጥሩ ሁለት አፍ አለው።
በአንዱ፦ «ከጥልቅ ነኝ፤ ሙቀት ነው የወለደኝ» ይላል።
በሌላው፦ «ከቅርብ ረግረግ ነኝ፤
ቀላል ሆኜ ተወልጄ፣ መንገድ ላይ ስበላ ከበድሁ።»
ሁለቱም ሲናገሩ ዓይናቸውን አይሰብሩም።

ወረቀቱን ይዤ ስመለስ ኬላ ላይ አስወረዱኝ።
«ስም?»
ዘለቀ ይማም።
«አያት?»
ወልደ ሥላሴ።
«ከዚያስ በላይ?»
ዓሊ። ከዓሊ በላይ ደግሞ ኃይለ ሚካኤል ይሉኛል፣ እኔ አልደረስሁበትም።
ልጁ መታወቂያዬን ገለበጠ፣ ፊቴን አየ፣ እንደገና ገለበጠ።
«ታዲያ ምንድን ነህ?»
ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤
ዋጥሁት።
ከኋላዬ የቆመው አይሱዙ ጥሩንባውን ነፋ፣
ልጁም በእጁ እለፍ አለኝ።

ጦይባን ከማሳዋ አገኘኋት፤ ወፍ ትጠብቃለች።
«እሺ፣ ከየት ሆነ?»
አልለየልኝም አልኋት፤ ሃይድሮጂኑም መለካት አለበት፣
ሌላ ጠርሙስ፣ ሌላ ሦስት ወር።
«ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርደህ?»
ሳቀች፤ ወንጭፏን ትከሻዋ ላይ ጣለች።
«አብሽር። እስኪታወቅ እሸት ብላ።»

ክብሪቱ በሦስተኛው ያዘ።
ሁለት ራስ ማሽላ በእንጨት ሰክታ
ነበልባሉ ላይ ዘረጋች፤
አረፋው ሲቋረጥ እሳቱ ይጠፋል፣
እንደገና ትጭራለች፣ እንደገና ይጠፋል፤
አንዱ ጎን አረረ፣ አንዱ ጎን ጥሬ ቀረ፤
እንዲያው ፈልፍለን በላነው።
ጣቶቼ ጠቁረው ነበር፣
ጠርሙሱን ስደፋው አሻራዬ መስታወቱ ላይ ታተመ።